የዘይት መርፌዋ ከፍ ያለችበት የመተማ መንገድ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዘዞ ለሠርግ፣ ደንቢያ ለተዝካር ከመውረድ በቀር ከጎንደር ርቄ አላውቅም፤ መንገደኛ የሚባል ሰውም አይደለሁም። ጣልያን ጎንደርን ይዞ የጭነት መኪና ወደ ቆላ መመላለስ በጀመረበት ዘመን ግን መተማ ደርሼ ተመልሻለሁ። ቆላን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩት ጎረቤቶቼ አገሩ እንዴት ነው እያላችሁ ስለማትተዉኝ፣ የሆነውን በየቀኑ ልጻፍላችሁ። ስለ አገሩ መልክ ግን ከእኔ ብዙ አትጠብቁ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ቢሆንም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

የወረድኩት ታናሽ ወንድሜን አያሌውን ላመጣ ነው። አያሌው ገና በጎረምሳነቱ መተማ ወርዶ፣ ሐጂ ሙሳ ከሚባሉ ነጋዴ ቤት የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ላይ ሥራ ይዞ እዚያው ቀረ። አባታችን ሲሞት እንኳ ለተዝካሩ አልመጣም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲያነሡልኝ ደስ አይለኝም ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ንዳድ ጥሎታል፣ ሽንቱም ጠቁሯል የሚል ወሬ ደረሰን። ሽንቱ የጠቆረ ሰው ቆላ ላይ እንደማይቆይ ጎንደር ያለ ሁሉ ያውቃል። እናቴ አላለቀሰችም። ጋቢዋን ተከናንባ ሱቄ ድረስ መጣችና፣ "ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ውረድ። ከነነፍሱ አምጣልኝ፤ ፊቱን ልየው" አለችኝ። ይህን ብላ ተመለሰች፤ እኔም መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

ሰኞ

ያገኘሁት መኪና የአንድ የመናዊ ነጋዴ ነው፤ ጨው ያወርዳል፣ ሰሊጥ ያወጣል። ሹፌሩ በራኺ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው። ዕድሜውን በምጽዋና በአሥመራ መንገድ ላይ የጨረሰ፣ ለቃል የሚሰስት፣ ዓይኑ ግን የማያርፍ ሰው። እናቴ ስለላከችኝ ጉዳይ ስነግረው ከጎኑ ያለውን መቀመጫ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ።

ጠዋቱ እንደ ጎንደር ጠዋት ይበርድ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናው ግን አይሄድም። በራኺ እጁን አጣጥፎ ከመሪው ኋላ ያለች አንዲት ክብ መስታወት ያያል። እኔ ችኩል ነኝ፤ ምነው ተገተርን አልኩት። እሱም በመስታወቷ ውስጥ ያለችውን መርፌ አሳየኝና፣ ማኖሜትሮ ትባላለች፣ ዘይት መግፊያው ፖምፓ ዘይቱን በምን ያህል ኃይል እየገፋው እንደሆነ ትናገራለች አለኝ። አሁን ከፍ ያለችው ዘይቱ ከብርዱ የተነሣ ስለወፈረ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ እሷም ትወርዳለች፤ እስከዚያ ሞተሩን ማስጨነቅ አይገባም አለ። ነገሩ ገባኝ። የእኔም የስፌት መኪና የኅዳር ጠዋት ዘይቱ ረግቶባት ፔዳሏ እግሬን ትታገለዋለች። መርፌዋ እውነትም ቀስ እያለች ወረደች፤ እኛም ተንቀሳቀስን።

ማታ አይከል አደርን። ያሳደረችን ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠይቃ ከሰማች በኋላ እግሬን አሳጥባ፣ የራሷን መደብ ለቃልኝ፣ ለበሽተኛው ብላ ሎሚ በመቀነቷ ቋጥራ ሰጠችኝ። የለበስኩትን የሱፍ ካባ አይታም፣ ይህንን እኔ ጋ አስቀምጠው፣ ቆላ ላይ ምን ያደርግልሃል አለችኝ። ካባውን የሰፋሁት ራሴ ስለሆንኩ ምክሯ አልጣመኝም፤ ለብሼው ወረድኩ።

ማክሰኞ

የሴትዮዋ ምክር ልክ መሆኑን ያወቅሁት ነጋዴ ባሕር ከሚባለው ቦታ ሳንደርስ ነው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ አየሩ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ሆነ። ካባዬን አውልቄ ብቀመጥበት ላቡ ከታች መጣ፤ ጭኔ ላይ ባስቀምጠው ከላይ መጣ። እኛ አገር ግንቦት ላይ ሰው ጥላ የሚፈልገው ለመቀመጥ ነው። እዚያ ግን ለመተንፈስ ነው።

መርፌዋም ከእኔ ጋር ደከመች፤ ከጎንደሩ ጠዋት በጣም ዝቅ ብላ ቆመች። በራኺን ታመመች ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ በቆላ ሙቀት ዘይት ውኃ ይመስላል፣ እዚህ አገር ቦታዋ ይህ ነው፣ ከዚህ ወርዳ ካልተኛች አትሥጋ አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔም እንደሱ በየኩርባው ዓይኔን እሷ ላይ መጣል ለመድኩ።

በአንድ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎማው ሰጠመ። በአካባቢው ለሰሊጥ ማሳ የሚመነጥሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ ማንም ሳይጠራቸው መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማው ሥር ነሰነሱ፣ ገፍተውም አወጡን። አንዱ በጎጃም አነጋገር "ካባ ለባሹ ምነው አይገፋ?" ሲል ሰማሁት። ገፋሁ እንጂ፣ ምን አደርጋለሁ።

መተማ ዮሐንስ የገባነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ግንብ ለለመደ የጎንደር ሰው ከተማው ሁሉ ሣር ነው፤ ቤቱም፣ አጥሩም፣ ሱቁም። ከወንዙ ማዶ ጋላባት ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ይታያል። ሐጂ ሙሳ በር ላይ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አያሌው ወሰዱኝ።

ወንድሜ ዳስ ሥር በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቷል። ሰውነቱ አልቆ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቶታል። ለይቶኝ እንደሆነ እንጃ፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ጋሼ፣ ካባውን አውልቀው" አለኝና ዓይኑን ጨፈነ። ቂሜን ይዤ የመጣሁ ሰው እዚያው አልጋው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ረቡዕ

በራኺ ጨውን አራግፎ ሰሊጥ ሲያስጭን ዋለ። እኔ ከአያሌው አጠገብ ሆኜ ዝንብ አባረርኩ። እሱ አይናገርም፤ ትኩሳቱ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲወርድ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሐጂ ሙሳ ኪኒን ከጋላባት እያስመጡ ሲያውጡት፣ ባለቤታቸውም ሌሊቱን አብረውት ሲቀመጡ እንደሰነበቱ ከጎረቤት ሰማሁ። ለእኔ ደግሞ የእስላም እርድ እንደማልበላ አውቀው፣ ፍየላቸውን ለአንድ ክርስቲያን ጎረቤት ሰጥተው አሳርደው ነበር። ሥጋው በዌካ፣ ማለት በደረቀ ባሚያ ዱቄት፣ ተሠርቶ ከማሽላ ኪስራ ጋር ቀረበልኝ። ኪስራው እንደ እንጀራችን ዓይን የለውም፤ ስስ ነው፣ አፍ ውስጥ ይጠፋል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብለው ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።

ከሰዓት በኋላ በራኺ ቁልቁለቱ መኪናዋን ዘይት አጠጥቷታል ብሎ ከቆርቆሮው ጥቂት ጨመረላት። ሐጂም አጠገቡ ቆመው በየት በኩል እንደሚቀዳ ሲያዩ ነበር። ይህች ምን ትበላለች ብለው ጠየቁት። ዘይት ነው ምግቧ አላቸው እየሳቀ። የቀረው ቆርቆሮ ጎንደር ድረስ ይበቃችኋል ወይ ሲሉት ይበቃል አላቸው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት በኋላ ሳስታውሰው ነው።

ሐሙስ

አያሌውን በበራኺና በእኔ መካከል ደግፈን አስቀመጥነው፤ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሐጂ ሙሳ ግንባሩን ስመው በዐረብኛ ጸለዩለት፤ መኪናው ሲነሣ ፊታቸውን አዞሩ። በስተምሥራቅ፣ በምንሄድበት በኩል፣ ደመና ተደራርቧል። ዝናብ ከቀደመን ጥቁሩ አፈር ጎማ አያስነቅልም። በራኺም ይህን ስለሚያውቅ ፈጠን ብሎ ነዳ።

የገንዳ ውኃን ወንዝ ካለፍን በኋላ መርፌዋ መውጣት ጀመረች። እኔ ደስ አለኝ። ከፊታችን ዳገት አለ፤ በረታች፣ ኃይል አገኘች ብዬ ለበራኺ አበሠርኩት። እሱ ግን መስታወቷን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። መርፌዋ አልተመለሰችም። የጎንደሩን ጠዋት አልፋ፣ እዚያ አይቻት የማላውቀው ቦታ ደረሰች። በራኺ አንድ ሾላ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

ተጣላን። ደመናው እየመጣ ነው፣ ወንድሜ እጄ ላይ እያለቀ ነው፣ መኪናዋ በረታች እንጂ መቼ ደከመች አልኩት። እሱ ታግሦ አስረዳኝ። በዚህ ሙቀት፣ ዘይቱ እንዲህ በቀጠነበት ሰዓት መርፌ የምትወጣው ወይ የዘይቱ መንገድ ሲደፈን፣ ወይ የተረፈውን ወደ ታች የሚመልሰው በሞላ፣ ማለት በተጠማዘዘ ሽቦ፣ የተያዘ መክደኛ ሲጣበቅ ነው አለኝ። ቦይ ሲደፈን ከላይ ውኃው ዳሩን ሞልቶ ይፈሳል፣ ከታች ያለው ማሳ ግን ይደርቃል፤ ከላይ ቆሞ ያየ ሰው ውኃው በዛ ብሎ ይደሰታል። "መርፌዋ የምትነግረን ግፊቱን ነው። ዘይቱ ኩሽኔታው ጋ መድረሱን አታውቅም" አለኝ። ኩሽኔታ የሚለው ሞተሩ የሚዞርበትን ብረት ነው። እሱ ዳገቱ ላይ ደርቆ ከነደደ መኪናዋ እዚያው ናት፤ አያሌውንም በቃሬዛ እንሸከማለን። ቀጥሎ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና፣ "ወንድሙ አንተ ነህ፤ ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ። ግን አውቀህ በል" አለኝ።

እንደዚያ ያለ ነገር በሰው ላይ አይጣል። ብንቆም ዝናቡ ይይዘናል፤ እናቴ ያለችኝን ሳልፈጽም ሜዳ ላይ እቀብረዋለሁ። ብንሄድ ምናልባት ዳገቱን እንወጣለን፤ ምናልባት ደግሞ ከዚህ የባሰ ቦታ እንቀራለን። ደመናውን አየሁ፣ መርፌዋን አየሁ። በመጨረሻ ክፈተው አልኩት።

አያሌውን አውርደን ጥላው ሥር አስተኛነው። በራኺ ከሥር ገብቶ ዘይቱን አፈሰሰ፤ ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። እጁን ሊጠርግ ወደ ጥላው ጠጋ ሲል አያሌው ዓይኑን ገለጠ። አፍንጫውን አንሥቶ አሸተተ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንደበቱ የታሰረው ሰው ተናገረ።

"ሰሊጥ ነው። ሐጂ ናቸው" አለ። አለና ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ነገሩን ያስረዳን እሱ ነው። ሐጂ ሙሳ እንግዳ ሲያድርባቸው የእንግዳውን በቅሎ ሎሌ አያበላላቸውም፤ ጎሕ ሲቀድ ራሳቸው ወጥተው፣ ቤታቸው ካለው ምርጡን ይሰጧታል። ለእንግዳው ግን አይነግሩም። ለሰው ከብት ያበሉትን ማውራት እዚያ አገር ነውር ነው፤ እንግዳውም አይጠይቅም። እኛም ጋ አባቴ እንደዚህ ያደርግ ነበር። በዚያን ጠዋት ግን በሐጂ በር ያደረችው በቅሎ ይህች መኪና ናት፤ ምግቧም ዘይት ነው ተብለዋል። ዘይት ደግሞ ሐጂ ቤት ሞልቷል። ያውም በዋዜማው የተጨመቀ፣ ገና ያልጠለለ፣ ፋጉሎው ያልወረደለት ነው አለ አያሌው፤ ትኩሱን ነው ለሚያከብሩት ሰው የሚሰጡት። በራኺ በትግርኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ትርጉሙን አልጠየቅሁትም። ጠዋት ዘይቱን ሲለካ ሞልቶ አግኝቶት፣ ትናንት የጨመርኩት በቂ ነበር ብሎ መዝጋቱን አስታወሰ።

መክደኛውን ሲፈታው ልክ እንዳለው ሆኖ አገኘው። ፋጉሎው በሞተሩ ሙቀት በስሎ፣ እንደ ሙጫ ሆኖ፣ መክደኛውን ከነሞላው አጣብቆታል። ቀጫጭኑ የዘይት መንገድም እዚህና እዚያ ተደፍኗል። እያንዳንዱን ብረት በላምባ ማጠብ፣ በሽቦ መጎርጎር፣ በአፍ መንፋት የቀኑን ብርሃን ሁሉ በላ።

እኔና አያሌው ግን በዚያ ጥላ ሥር ተነጋገርን። ትኩሳቱ ያን ዕለት ለቀቅ አድርጎት ነበር። መጭመቂያውን ስለምታዞረው ግመል፣ እሑድ እሑድ ሐጂ ሥራ አስፈትተው ቤተ ክርስቲያን ሂድ እንደሚሉት፣ የማርያምን በዓል ሲረሳ እሳቸው እንደሚያስታውሱት አጫወተኝ። ከዚያ እኔ አፍ አውጥቼ የማልጠይቀውን ራሱ አነሣው። አባታችን ሞተ የሚለው ወሬ የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው። በእግሩ ተነሣ። ገንዳ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ውኃው እስኪጎድል ጠበቀ፣ ለመዋኘት ሲሞክር ወሰደው፣ እረኞች በገመድ አወጡት። ውኃው ሲጎድል ተዝካሩ አልፏል። "የአባቱ ተዝካር ያለፈበት ልጅ ምን ብሎ ነው እናቴ ፊት የሚቆም? አፈርኩ፤ ጋሼ። አፍሬ ነው የቀረሁ" አለኝ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ረሳን እያልኩ ስረግመው ኖሬ ነበር። ትከሻውን አቀፍኩት።

ሲመሽ ዝናቡ መጣ። ከማሳው ማዶ የሚኖር አንድ ገበሬ ሮጦ መጥቶ አያሌውን በጀርባው አዝሎ ወደ ጎጆው አስገባን። ልጆቹን ወደ ጎተራው ሥር አሸጋግሮ መደቡን ለበሽተኛው ሰጠው፤ ሚስቱም የማሽላ አጥሚት በሎሚ ሠርታ በማንኪያ አጠጣችው። ሎሚው የአይከሏ ሴት ነው።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ፀሐይ ወጥቶ አፈሩ እስኪጠነክር ስንጠብቅ ረፈደ። በራኺ ከቆርቆሮው የቀረውን ዘይት ቀድቶ ሞተሩን አስነሣ። ሁላችንም፣ ገበሬውም ጭምር፣ መስታወቷ ላይ አፈጠጥን። መርፌዋ ወጣች፤ ቆየችና ሞተሩ ሲሞቅ ወርዳ ከቆላ ቦታዋ ላይ ቆመች። ገበሬው ምን እንዳየን ባይገባውም ከእኛ ጋር ተመስገን አለ።

ዳገቱን ወጣን። አይከል ስንደርስ ብርዱ መታን፤ አያሌው የደጋ አየር ሲነካው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ካባዬን ጠየቀኝ። ሁለት ቀን የሰደብኩትን ካባ አለበስኩት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጎንደር ገባን። እናቴ በር ላይ ነበረች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው።

ከመልስ በኋላ

አያሌው ከእናቴ ጋር ጥቂት ሳምንት ኖረ። የወንዙን ነገር ለእሷም ራሱ ነገራት። ሰኔ ሲጋመስ ንዳዱ ተመልሶ መጣና በእጇ ላይ አረፈ።

በራኺ ክረምቱ ሳይጠና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ መተማ ሲወርድ፣ ስለ ዘይቱ ለሐጂ እንዳይነግር ለምኜው ነበር። የሚቀጥለውስ መኪና የማንን በሽተኛ ይዞ ይቀር ይሆን አለኝ። እውነቱን ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ለአያሌው አርባ፣ ዝናብ ሲያወርደው በዋለበት ቀን ሐጂ ሙሳ ደጃችን ደረሱ። መኪና የለም፤ ያን ሁሉ ጭቃና ወንዝ በበቅሎ ነው ያለፉት፤ በቅሎዋን ከደጃችን አሰሯት። እግራቸው ከተጠቀለለበት ፋሻ ጋር በጭቃ ተጣብቋል። ቆላ ላይ የማውቃቸው ረጅም ሰው ጎንደር ብርድ ውስጥ አንሰው ታዩኝ። አልቃሹ እስኪበተን አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ እሳቸውና እናቴ ስንቀር ተናገሩ።

"በራኺ ነገረኝ። መንገድ ላይ ያስቀራችሁ የኔ ዘይት ነው። ፈጥናችሁ ብትደርሱ ልጁ ይድን ነበር? ወላሂ፣ ይህን ልሰማ ነው የመጣሁ። አትሸሽገኝ።"

እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና ትሰማለች። ዘይቱ መኪናዋን እንዳስቆማት ታውቅ ነበር፤ ማን እንደቀዳው ግን አልነገርኳትም። ለማረጋጋት ብዬ ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ ያን ያህል መንገድ የመጣ ሰው ፊት ውሸት አፌ ላይ አልወጣ አለ።

"ሐጂ፣ ይድን እንደነበር አላውቅም። እግዜር ነው የሚያውቅ" አልኳቸው። "እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከመተማ ስንወጣ አይናገርም ነበር። የቆምነው በርስዎ ዘይት ነው፤ የነቃውም በርስዎ ዘይት ሽታ ነው። ሐጂ ናቸው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተጨዋወትን። ያ ዘይት ባያስቆመን ወንድሜን ሳላውቀው እቀብረው ነበር።"

ሐጂ ሙሳ ራሳቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ። እናቴ ተነሣች፤ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ዝናቡ ወጣች። እኔ ብቻዋን ልታለቅስ መስሎኝ አልተከተልኳትም።

ቆይታ ተመለሰች። ከራሷ ውኃ ይንጠባጠባል፤ መዳፏ ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቋል። ከምድጃው ዳር፣ ከሐጂ አጠገብ ተቀምጣ እጇን እሳቱ ላይ አሞቀች። የት እንደነበረች አልተናገረችም፤ ሐጂም አልጠየቁም።